ለአንተ ብቻ የላክሁት ቅጂ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከክሊኒኩ ዕቃ ክፍል

ለሽቦ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ነህ? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ እንደ ዱሮው ያማታል፣ ምላሷም እንደ ዱሮው ነው። እኔም አለሁ። ይህን የምጽፍልህ በምሳ ሰዓት የጓንት ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሏል፣ የጥርስ በሽተኛም የለም። ቤት እንዳልጽፈው እማዬ ትከሻዬ ላይ ቆማ «ከኔም ሰላም በይልኝ፣ ያን ወፍራም ሹራብ ይልበስ በይው» እያለች አንድ መስመር አታስጨርሰኝም። ደግሞም ይህን ደብዳቤ እንድታየው አልፈልግም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልክ ላይ ትስቅብኛለህ። አንተ ስትስቅ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል፤ አብሬህ እስቅና ከዘጋሁት በኋላ ነው የምናደደው። ወረቀት ላይ ብትስቅም አልሰማህም።

ተጠራጣሪ መሆኔን ከማንም በላይ ታውቃለህ። ብስኩቱ ስንት እንደቀረ ቆጥሬ የምተኛ ልጅ ነበርኩ፤ «መርማሪዋ» እያልክ ስታበሽቀኝ ነው ያደግነው። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በላይ «የራሴ ክፉ አመል ነው» እያልኩ ራሴን ስቆጣ ከረምኩ። አሁን ግን አመሌ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ከስሩ ልንገርህ፤ አንዳንዱን ታውቀዋለህ፣ ቢሆንም ከኔ አፍ ስማው።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ክረምት፣ አንተ ባንዱን ትተህ ውጭ አገር በሄድክ በዓመቱ ገደማ ነው። ጥድፊያ ወደ ልምምድ ክፍላችን እየሮጠች ገባች። ኪቦርድ ስትጫወትም ሆነ ደረጃ ስትወጣ ዛሬም ከሁላችንም ቀድማ ነው የምትደርሰው፤ ያወጣህላት ስም አልለቀቃትም። «ስሙ፣ ስሙ! ሁለት ወንበር የሚባሉ አዲስ ልጆች ወጥተዋል። ፊታቸውን አያሳዩም፣ የመብራት አባዡር ነው ራሳቸው ላይ የሚደፉት!» ብላ ስልኳን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘችው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው፣ እግር አያስቀምጥም። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጆሮዬ ቀጥ አለ። የቤዙ አካሄድ የእኛ «ኮሪደር» ነው። ፈጠን ብሏል፣ በማሽን ታጥቧል፣ ልብስ ተቀይሮለታል፤ ግን የእኛው «ኮሪደር» ነው። ገና ለማንም ሰው ያላሰማነው ዘፈን።

ጥድፊያ «ኧረ አጋጣሚ ነው! በዓለም ላይ ስንት ኖታ አለና?» አለች። ዝምታ ምንም አላለም። እሱ ደግሞ መቼ ምን ብሎ ያውቃል? ቤዝ ጊታሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወለሉን አየ። እኔ ደግሞ እሱ ወለሉን ማየቱን አየሁ።

ከዚያ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው ተከተለ። ዓመት ሳይሞላ፣ ለአልበማችን ካዘጋጀናቸው ዘጠኝ ዘፈኖች አራቱ አባዡር ደፍተው ወጡ። ያ አልበም ለኔ ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሮክ የሚባል ነገር ማን ይሰማል እየተባልን የተጫወትንበት ነው። አሥራ አንድ ሰው በመጣበት አዳራሽ ተጫውተናል፣ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ወንበር ሰብሳቢዎች ነበሩ። የመጀመሪያዋን ትንሽ ሲዲ ሁለት መቶ ሽፋን ሳሎን ወለል ላይ ቁጭ ብለን በእጃችን አጥፈን በሙጫ ለጥፈናል፤ እማዬ የተጨማደደውን በካውያ እየተኮሰች አንዱን አቃጠለችው። አሁን ግን አንድ አሳታሚ፣ ትንሽ ቢሆንም የምር አሳታሚ፣ ሙሉ አልበም ላውጣላችሁ ብሎን ነበር። በመስከረም የድርጅቱ ሴትዮ ቢሮዋ ጠራችኝ።

«ሥራችሁን ወድጄዋለሁ» አለችኝ። «ግን እህቴ፣ የሁለት ወንበርን ይመስላል። ሰው እነሱን ቀዱ ይለናል።»

እኛ! ቀዱ! «እነሱ ናቸው የቀዱን» አልኳት።

«እንግዲያው ማን ማንን እንደቀዳ በማስረጃ አሳዪኝ። እስከ ኅዳር መጨረሻ እጠብቃለሁ፤ ካልሆነ እንተወዋለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ማየት አቆምኩ፤ የማየው ሌባ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ዝምታ ላይ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ልምምዱን ሳይጨርስ ይወጣል። የልምምድ ቅጂ ሳድል ሁለት ሁለት ይወስዳል። አንድ ቀን ፎቅ መውጫው ላይ ማዳመጫ አድርጎ የኛኑ ዘፈን እየሰማ ማስታወሻ ሲጽፍ አገኘሁት፤ ሲያየኝ ደብተሩን ኪሱ ከተተ። ከዚህ በላይ ምን እጅ ከፍንጅ አለ አልኩ።

«ማክሰኞ ማክሰኞ የት ነው የምትሄደው?»

«ጉዳይ አለኝ።»

«የምን ጉዳይ?»

«የራሴ።»

«ቅጂውንስ ለማን ነው ሁለት ሁለት የምትወስደው?»

የቤዙን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

«ዘፈኖቻችንን እየሸጥክብን ነው አይደል?»

አየኝ። ከዚያ ቤዙን ሳጥኑ ውስጥ አስተኛ፣ ማጉያውን አቀፈ፣ ያን ከባድ ነገር ብቻውን ይዞ ከሦስተኛ ፎቅ መውረድ ጀመረ። ጥድፊያ ልታግዘው ስትነሳ «ተቀመጪ!» አልኳት። በየመዞሪያው ማጉያውን መሬት እያሳረፈ ሲያርፍ ከላይ ይሰማኝ ነበር። አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አልተጣራም።

ያኔ ጻፍኩልህ። «ዝምታን አባረርኩት፣ ሌባው እሱ ነው» አልኩህ። የመለስከውን ታስታውሳለህ? «አንቺ ካልሽ እንግዲህ ምን እላለሁ እትዬ» አልክና ቀጥለህ ስለ በረዶው ጻፍክ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጣችሁ፣ አንድ ጫማ በተራ ያደረጋችሁ ጓደኛህ ነው። አንድ ቃል አልተከራከርክለትም። መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነው፤ መርማሪዋ ግን ስለ በረዶው አንብባ አዘነችልህ።

ዝምታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት አምስተኛው ዘፈን ወጣ። ሌባው ሄዷል፣ ሌብነቱ አለ። ክፍሉ ውስጥ የቀረነው እኔና ጥድፊያ ነን። ስለዚህ፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ዞሬ እሷን ማየት ጀመርኩ። ወጥመድ አዘጋጀሁ። ገና ካልተነኩት ዘፈኖቻችን አንዱን፣ «መሰላል»ን፣ ቀድቼ ስሰጣት ከአዝማቹ በፊት ያለውን አንድ መስመር ምት ቆርጬ አወጣሁት። ሁለት ወንበር በዚያ ቆራጣ ምት ካወጡት ያዝኳት ማለት ነው። ልጅቱ ምንም ሳታውቅ «ዛሬ ፊትሽ ጥሩ አይደለም፣ በልተሻል?» ብላ ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ ልጣ ሰጠችኝ። በላሁትም።

በዚያው ሳምንት ደግሞ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ሐሙስ፣ ጥድፊያ ሳትመጣ፣ የ«መሰላል»ን ድራም ብቻዬን እየቀዳሁ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ እጄ አላበውና ስቲኩ አመለጠኝ። ወለሉ ላይ ጠብ ብሎ እየተንከባለለ ቁም ሳጥኑ ሥር ገባ። አራት ምት ያህል ባዶ ሆነ፤ ከዚያ ሌላ ስቲክ መዝዤ ተመልሼ ገባሁ። ለአልበሙ እንደገና ቀዳሁት። የተበላሸውን ላጠፋው ስል አንተ ትዝ አልከኝ፣ ይስቃል ብዬ አርብ ማታ ከሚላክልህ ጋር ላክሁልህ። አርብ አርብ ያልላክሁልህ ቀን አለ? «ልምምዱ ናፈቀኝ፣ በመጋዘኑ ሥራ መሃል እሰማዋለሁ» ስላልከኝ ከሄድክ ጀምሮ አንድም ሳምንት አላጎደልኩም፣ ያልታጠበ ያልተቆረጠውን። ይሄኛውን ግን ጥድፊያም አልሰማችውም። ወጥመድም አልነበረም። በዓለም ላይ ያን ስቲክ ሲወድቅ የሰማነው እኔና አንተ ነን።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ የአንድ ሽማግሌ መንጋጋ እየሞላ ነበር፤ እኔ የምራቅ መምጠጫውን ቱቦ ይዣለሁ። ሬዲዮው ተከፍቷል። «የሁለት ወንበር አዲስ ሥራ» አለ አቅራቢው። ጀመረ። ዜማውን እንኳ ገና ሳልለየው ጠብ አለ። ተንከባለለ። አራት ምት ባዶ። ከዚያ ገባሁ።

ቱቦው ከእጄ ወደቀ። የሽማግሌው አፍ ሞላ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ሐኪሙ «ምን ነካሽ አንቺ?» ይለኛል፣ እኔ «ይሄ እኔ ነኝ!» እላለሁ። «ምኑ ነው አንቺ?» «የወደቀው!» አልኩት። ሽማግሌው በኋላ አፋቸውን ጠርገው «ልጄ፣ ዕረፍት ውሰጂ» አሉኝ።

ዕረፍት ወሰድኩ። ቤት ሄጄ የሁለት ወንበርን ፎቶ ከጋዜጣው ላይ አወጣሁ፣ ስንት ጊዜ አይቼ ያለፍኩትን። ሁለት ሰዎች ሁለት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ራሳቸው ላይ አባዡር። ይህን ጊዜ ራሳቸውን ተውኩና ወደ ታች አየሁ። በግራ ያለው ቀኝ እግሩን በወንበሩ እግር ዙሪያ ጠምዝዞ ከኋላ አስገብቶታል። እማዬ «ወንበሩን ትሰብረዋለህ» እያለች ሃያ ዓመት የተቆጣችው አቀማመጥ ነው። አባዡር እግር አይሸፍንም፣ ሽቦ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት አይደለም። ደህና መሆንህን አይቼ ደስ አለኝ፤ ወፍረሃል። ንዴቱ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሲመጣ ግን ሳህን ማጠብ አቅቶኝ ውሃውን ዘግቼ ቆምኩ። ለምን አልጠየቅከኝም? «እትዬ፣ ስጪኝ» ብትለኝ መቼ ከልክዬህ አውቃለሁ? «ሰማሁት፣ አለቀስኩ» እያልክ ትጽፍልኛለህ፤ ያ ለቅሶስ እውነት ነበር? ቅዳሜ ጠዋት ያን መልስህን ለማየት ነበር የምነሳው።

እሁድ ዝምታ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጭንቅላቱን አዙሮ ቀኝ ጆሮውን ሰጠኝ፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ግራው እየደከመ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ነበር የሚሄደው። ሐኪሙ በደንብ የሚያውቀውን ሙዚቃ በአንድ በአንድ ጆሮው እየሰማ የጎደለበትን እንዲመዘግብ ነግሮታል፤ ሁለቱ ቅጂ፣ ደብተሩ፣ ሁሉም ለዚያ ነው። «ቤዝ ተጫዋች ሆኜ ጆሮዬ ደከመ ብል ማን ያቆየኛል ብዬ ነው» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ ይህን ብቻ ነው ያልጠረጠርኩት።

«ማን እንደሆነ አወቅሽ?» አለኝ።

«አላወቅሁም» አልኩት። ላንተ ብዬ ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁ።

«ፎቶውን ካባረርሽኝ በኋላ አየሁት» አለኝ። «እግሩን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ወንድምሽ ነው። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

አየህ? ሌባ ተብሎ ማጉያውን ብቻውን ተሸክሞ የወረደው ልጅ፣ አንተን ከእኔ ደበቀህ። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ለእሱ ግን ዛሬውኑ ጻፍለት። በራስህ እጅ፣ በረዶ ሳታስገባ።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር፣ አንተን ብቻ ስከስ እንዳልውል። ካቻምና፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሁለተኛዋን ሲዲ ስናትም ከሽፋኑ ላይ ስምህ ጠፍቶ «አታሚው ረስቶት ነው» ብዬህ ነበር። አልረሳም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ጥለኸን ሄደህ ስምህ ከላይ ሲጻፍ ሆዴ እምቢ አለ። ለአልበሙ ያቆየነውን «ኮሪደር»ን አልጋህ ላይ ተቀምጠህ ስታንጎራጉር ያመጣኸው አንተ መሆንህን እያወቅሁ፣ «መሰላል»ም መጀመሪያው ያንተ መሆኑን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ምናልባት አታሚውን ደውለህ ጠይቀኸው ይሆናል። ምናልባት ሁሉም ነገር ከዚያ ይሆናል የጀመረው፤ ቀኑን ስቆጥረው ብዙም አይራራቅም። እውነት ይህ ከሆነ ንገረኝ፤ እኔም የምጠይቅህ ይቅርታ አለ ማለት ነው።

ሌላም እውነት አለ። ዘፈኑ ያምራል። ስቲኬ የወደቀበትን ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ቆርጦ ይጥለው ነበር። አንተ ዘፈኑን ሁሉ እዚያ ባዶ ቦታ ዙሪያ ሰርተኸዋል። ትናንት እማዬ ድንች እየላጠች በሬዲዮ ሰማችው፤ ባዶው ሲደርስ ቢላውን አስቀምጣ አራት ጊዜ አጨበጨበች። ከተማው ሁሉ እዚያ ጋ ያጨበጭባል አሉ። «እነዚህ ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ የማን ልጆች ይሆኑ?» አለችኝ። የምከትፈው ሽንኩርት ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ሽንኩርት አልነበረም፣ እሷም አይታለች።

ለአሳታሚዋ ሴትዮ የማሳየው ማስረጃ እጄ ላይ ነው። አርብ አርብ የላክሁልህ ሁሉ ቀኑ ተጽፎበት ተቀምጧል፤ ጠረጴዛዋ ላይ ባስቀምጠው አባዡሩ በአንድ ቀን ይወልቃል፣ አልበማችንም ይወጣል። ቀነ ገደቡ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። «አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ» ብዬ እዚህ ጋ ጽፌ ነበር፣ ስርዙን ታየዋለህ። እማዬ የልጇን ስም ጋዜጣ ላይ ሌባ ተብሎ እንድታነብ አላደርግም። ይህን አንተም ታውቃለህ። ስለምታውቅ ነው የምፈራህ። ስለዚህ ወይ አንተ በራስህ አፍ ለሴትዮዋ ትነግራታለህ፣ ወይ የዘጠኝ ዓመት ሥራችን ዝም ብሎ ይቀራል። ዝምታና ጥድፊያ አይጮኹብኝም፤ ዝምታ ትናንት ማጉያውን መልሶ አምጥቷል፣ በዚህ ጊዜ ሦስታችንም ተሸከምነው።

ፖስታው ውስጥ በፕላስተር የተለጠፈ ፍላሽ አለ፣ ስትከፍተው እንዳይወድቅብህ። አሥረኛ ዘፈን ነው። ዜማውም ግጥሙም የእኔ ብቻ ነው፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ፣ ማንም ሳይረዳኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የሠራሁት። ጥድፊያ አልሰማችውም፣ ዝምታ አልሰማውም፣ ከአንተ በቀር ማንም ጋ የለም። ወጥመድ ነው ትል ይሆናል። ይሁንልህ። ግን እወቀው፣ በሬዲዮ ከሰማሁት ወንድም እንደሌለኝ አውቃለሁ። ካልሰማሁት ግን ምንም አላውቅም፤ ለእኔ አዝነህ ተውከው ወይስ ዘፈኑ አልረባ ብሎህ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ስጠራጠር እኖራለሁ። እባክህ ጥሩ መሆኑን ብቻ ንገረኝ።

ያሰብከው ይሙላልህ ልልህ ነበር፤ ያሰብከውን ስለማላውቅ ጤናህን ይስጥህ። ሹራቡን ልበስ።

እትዬ